በዱባይ ባለ5 ኮከብ ሆቴል ሃይጂን ማናጀር ሆኖ ለመሥራት

የሃይጂን ማናጀርን፣ ማለትም የሆቴሉን የምግብ ንጽሕናና ደኅንነት ኃላፊ፣ ሥራ ከሩቅ የሚያይ ሰው፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ቴርሞሜትር በኪሱ ይዞ፣ ከወጥ ቤት ወጥ ቤት እየዞረ ሠራተኛ መቆጣት ይመስለዋል። እኔም ከአዲስ አበባ ስነሣ ከዚህ የተለየ ግምት አልነበረኝም። ዱባይ ደርሼ ሥራ በጀመርሁበት ሳምንት የዋናውን ወጥ ቤት የቺለር (የምግብ ማቀዝቀዣ) የሙቀት መዝገብ ገለጥሁ። የወሩ ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች 3፣ 4፣ 3፣ 3 እያሉ ይወርዳሉ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚመዘግቡት ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆን ሲገባቸው እጅ ጽሑፉ አንድ፣ የብዕሩ ቀለምም አንድ ነው። በዚያው ሰዓት ቺለሩን ከፍቼ በሁለት የወተት ካርቶኖች መካከል ቴርሞሜትር ሳስገባ 9 ዲግሪ አነበብሁ። መዝገቡን የሚሞላውን ወጣት ኮሚ (ጀማሪ ምግብ አብሳይ) ለብቻው ጠርቼ ብጠይቀው፣ «9 ብጽፍ ለምን 9 ሆነ ተብዬ የምቆጣው እኔ ነኝ፤ 3 ብጽፍ ግን የሚጠይቀኝ የለም» አለኝ።

ይህን ሥራ ለመያዝ የሚያስቡ ከሆነ፣ ከሙቀትና ከባክቴሪያ ዕውቀት እኩል ሊጨነቁበት የሚገባው ይህ የልጁ መልስ ነው። ሃይጂን ማናጀር በአንድ ጊዜ በአሥር ወጥ ቤት ሊገኝ አይችልምና የሚያየው አብዛኛው ነገር ሌላ ሰው የጻፈለትን ነው፤ የጻፈው ሰው ከፈራ ደግሞ ማናጀሩ ዕውር ነው። እኔ ከቁጥሩ አጠገብ «ምን ተደረገ» የሚል አንድ ዓምድ ጨመርሁ፤ ከ5 ዲግሪ በላይ አንብቦ የጻፈና ዕቃውን ወደ ሌላ ቺለር ያዛወረ ወይም ቴክኒሻን የጠራ ሠራተኛ ጥፋተኛ እንዳይባል፣ ሁልጊዜ 3 የሚጽፍ ግን እንዲጠየቅ ከዋናው ሼፍ ጋር ተስማማን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መዝገቡ 6፣ 8፣ 5 ማለት ጀመረ፤ ቴክኒሻኑም መጥቶ ሲያይ የቺለሩ በር ላስቲክ ተበልቶ አገኘው።

ወደ ቦታው የሚያደርሰውን መንገድ በአጭሩ ልንገርዎ። በምግብ ሳይንስ፣ በማይክሮባዮሎጂ ወይም በተቀራራቢ ትምህርት ዲግሪ ያለው ሰው ይመረጣል፤ ከሼፍነት ተነሥተው እዚህ የደረሱ ግን ጥቂት አይደሉም፤ በእኔ ግምት ከእነርሱ መካከል የጎበዞቹ ቁጥር ይበልጣል፤ ወጥ ቤት በሥራ ጫና ውስጥ ምን እንደሚመስል ያውቁታልና። ከዲግሪው በተጨማሪ ሃይፊልድ የተባለውን የእንግሊዝ ፈታኝ ድርጅት ደረጃ 3 እና ደረጃ 4 የምግብ ደኅንነት ፈተና፣ የሃሳፕ (የምግብ አደጋን አስቀድሞ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት) ሥልጠናና ቢቻል አይኤስኦ 22000 የተባለውን የምግብ ደኅንነት አስተዳደር መመዘኛ ኦዲተርነት ምስክር ወረቀት መያዝ በር ይከፍታል። ማናጀርነቱን በቀጥታ ከመመኘት ይልቅ አዲስ አበባ ውስጥ ዓለም አቀፍ ስም ባለው ሆቴል ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ውጭ አገር በሃይጂን ኦፊሰርነት መጀመር ይሻላል። ዲግሪዎን ከመነሣትዎ በፊት በአገር ቤት የትምህርት ባለሥልጣን፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምሬትስ ኤምባሲ ያረጋግጡት፤ እዚያ ሄዶ ከሩቅ ማስጨረስ የወራት ጣጣ ነው። ለቅጥር ተብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ደላላ ቢመጣ፣ የኤምሬትስ እ.ኤ.አ. የ2021 የሥራ ሕግ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛ መሰብሰብን እንደሚከለክል ይወቁ። በውሉ ላይ የሙከራ ጊዜው ከ6 ወር እንደማይበልጥ አይተው ይፈርሙ።

ደርሰው ሥራ ሲረከቡ መጀመሪያ የሚያነቡት የሆቴሉን ማኑዋል ሳይሆን የአካባቢውን ሕግ ይሁን። በዱባይ የሚቆጣጠረው የከተማው ማዘጋጃ ቤት የምግብ ደኅንነት ክፍል ሲሆን፣ የምግብ ኮዱን በዝርዝር አውጥቷል፤ በእያንዳንዱ የምግብ ቤት በሥራ ሰዓት የሠለጠነና ምስክር ወረቀት ያለው ኃላፊ ሰው እንዲገኝም ያስገድዳል። ፉድዋች የተባለው የማዘጋጃ ቤቱ ዲጂታል መድረክም አለ፤ ሥልጠናውና ምርመራው በእርሱ በኩል ስለሚታይ አጠቃቀሙን በመጀመሪያው ሳምንት ይማሩ። አቡ ዳቢ ከሆነ የሚሠሩት ተቆጣጣሪው የአቡ ዳቢ ግብርናና ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ነው፤ የአንዱን ኤሚሬት ደንብ በሌላው ላይ መጥቀስ ተቆጣጣሪ ፊት ያሳፍራል። የሁሉም መሠረት ግን ሃሳፕ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ለጠፈር ተጓዦች ምግብ በሚዘጋጅበት ጊዜ ሲሆን፣ ሐሳቡም የተዘጋጀውን ምግብ በመጨረሻ ከመመርመር ይልቅ አደጋ የሚፈጠርበትን ነጥብ አስቀድሞ ለይቶ እዚያው መያዝ ነው።

ቴርሞሜትርዎን በራስዎ እጅ ይፈትሹት። ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ጥቂት ውሃ አፍስሰው ሲያስገቡት 0 ማንበብ አለበት፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ደግሞ ዱባይ ላይ 100 ያነባል። አዲስ አበባ ላይ በፈላ ውሃ 100 ያነበበ ቴርሞሜትር ግን የተበላሸ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። ለዚህ ነው ከአገር ቤት የመጣ ባለሙያ የፈላ ውሃውን ፈተና ሲለማመድ ግራ የሚጋባው፤ የበረዶው ፈተና ግን የትም ቦታ ያው ነው።

አደጋ የሚጀምረው ከዕቃ መቀበያው ነው። በነሐሴ ወር የዱባይ አየር ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ፣ የጭነት መኪናው በር ተከፍቶ ዕቃው ሲሜንት ወለል ላይ ለ20 ደቂቃ ከተቀመጠ የሾፌሩ የሙቀት ወረቀት ምንም አያድንም። የቀዘቀዘ ዕቃ ከ5 ዲግሪ በታች፣ በረዶ የሆነ (ፍሮዝን) ዕቃ ከኔጌቲቭ 18 ዲግሪ በታች መሆኑን በራስዎ መሣሪያ ይለኩ፤ የካርቶን ታች ጥጉ እርጥብ ከሆነ ወይም በፕላስቲኩ ውስጥ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ከታየ ዕቃው በመንገድ ቀልጦ ዳግም በረዶ የሆነ ነው። በተለይ ቱና ላይ አይሳሳቱ። ሙቀት ሲያገኘው በሥጋው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል፤ ይህ ሰው የሚያሳምም ንጥረ ነገር በምንም ዓይነት ማብሰል አይጠፋም፤ ዓሣው መልኩም ሽታውም ደህና ሊመስል ይችላል። ሼፉ «ዛሬ ማታ 300 እንግዳ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ይቆጣል፤ ቁጣውም እውነት ነው። ስለዚህ ዕቃ መላሽ ብቻ ሳይሆኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አቅራቢ የሚያመጣውን የግዢ ክፍል ሰው ስልክ አስቀድመው በእጅዎ ይያዙ። ምትክ ሳያመጡ «አይሆንም» ብቻ የሚል ሃይጂን ማናጀር ከሁለት ወር በኋላ የሚሰማው አያገኝም።

ከማብሰል ይልቅ ማቀዝቀዝ አደገኛ መሆኑን ብዙ ሼፎች በንድፈ ሐሳብ ያውቁታል፤ በሥራ ላይ ግን ይረሱታል። የበሰለ ምግብ ውስጥ ሙቀት የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች ይቀራሉ፤ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሲርየስ፣ በትልቅ ድስት በተሠራ ሥጋ ላይ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ። ምግቡ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እነዚህ ዘሮች ይነቃሉ፤ ባሲለስ የሚተወው የማስታወክ መርዝ ደግሞ ሩዙ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መመዘኛ ለቀድሞ ተሠርቶ ለሚቀዘቅዝ ምግብ መሐሉ ከ60 ወደ 10 ዲግሪ ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ እንዲወርድ ይመክራል። በወረቀት ቀላል ነው። በረመዳን ሌሊት ግን፣ ለነገ ኢፍጣር የ40 ኪሎ ሩዝ በአንድ ጥልቅ ጎድጓዳ ትሪ ውስጥ ክዳን ተገጥሞለት ቺለር ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ያን ሌሊት ሩዙ ከገባ 3 ሰዓት ቆይቶ መሐሉን ብለካው 38 ዲግሪ ነበር፤ ዙሪያውን የነካው ሰው ግን በረዶ መስሎት ነበር። ሙሉውን ጣልነው። የተጣለበትን ምክንያት ለሌሊቱ ቡድን ለማስረዳት ስብሰባ አልጠራሁም፤ ያንኑ ቴርሞሜትር ለምክትል ሼፉ ሰጥቼ ራሱ እንዲለካ አደረግሁ። በማግሥቱ ሩዙ ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በሰፋፊ ትሪ ተዘርግቶ፣ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ብላስት ቺለር (ፈጥኖ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ውስጥ ገባ። መረቅ ከሆነ ድስቱን በበረዶ ውሃ ሲንክ ውስጥ አስቀምጦ ማማሰል ይቻላል። ብላስት ቺለሩ ሞልቶ ቦታ ከሌለ ደግሞ ምግቡን አስቀድሞ መሥራት ሳይሆን የሥራ ሰዓቱን መቀየር ያስፈልጋል፤ ይህን ከባንኬት (የድግስ) ማናጀሩ ጋር የምትነጋገሩት ድግሱ ከተሸጠ በኋላ ከሆነ ዘግይታችኋል።

ኢፍጣር ለዚህ ሙያ ዋና ፈተና ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ደቂቃ፣ በመግሪብ አዛን፣ ወደ ቡፌው ይነሣል፤ ስለዚህ ምግቡ ቀድሞ መደርደሩ የማይቀር ነው። ሙቁ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 በታች ይቆይ ይባላል፤ የሆመስ (የሽምብራ ድልህ) እና የሰላጣ ሳሕኖች ግን በበረዶ ላይ ቢቀመጡም ከላይ በኩል ይሞቃሉ። ትልቅ ሳሕን አንዴ ከመደርደር ይልቅ ትናንሽ ሳሕኖችን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይበጃል፤ በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመርን ግን ፈጽሞ ይከልክሉ፤ ከታች ያለው ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተቀመጠ የሚያውቅ አይኖርምና። ጣሂና (የተፈጨ ሰሊጥ) ያለበት ምግብ ከመግቢያው ጀምሮ ይጠበቅ፤ ጣሂና ከሳልሞኔላ ጋር በተደጋጋሚ የተያያዘ ነው። ከበጉ ኡዚ (በሩዝ ላይ ከሚቀርበው የበግ ሥጋ) እስከ ጣፋጩ ከእያንዳንዱ ድግስ ምግብ ናሙና ወስደው ቀንና ሰዓት ጽፈው ለ72 ሰዓት ያስቀምጡ። ናሙና የሚፈለግበት ቀን ሳይታሰብ ይመጣል።

የአለርጂን ነገር ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ይቀላል ብል አልተሳሳትሁም። ጾም የሚጾም ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው የፍስኩ ጭልፋ በጾሙ ድስት ውስጥ እንደማይገባ በልጅነቱ ያውቃል፤ ቢገባ ደግሞ ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን ጾሙ መፍረሱን ያውቃል። የአለርጂ ጥንቃቄ ያው ነው፤ ለውዝ የተቆረጠበት ቢላዋ ታጥቦ ካልሆነ የለውዝ አለርጂ ያለበትን እንግዳ ሊገድለው ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በዝርዝር ካወጣቸው 14 አለርጂ አምጪዎች ውስጥ ሰሊጥ አንዱ ነው፤ የዓረብ ወጥ ቤት ደግሞ ያለ ሰሊጥ አይሠራም። ሠራተኛውን «ይህ ምግብ ውስጥ ለውዝ አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ «አይመስለኝም» እንዳይል አስተምሩት፤ «ሼፉን ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለት ብቻ ነው የሚፈቀደው። የአሳማ ሥጋም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ፈቃድ ባለው ሆቴል ውስጥ የሚዘጋጀው በተለየ ክፍል፣ በተለየ ዕቃ ነው፤ መደርደሪያው ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ይጠብቁ። የመክተፊያ ሰሌዳ ቀለሞችን በተመለከተ ከሆቴል ወደ ሆቴል ልዩነት አለ፤ ቢጫው በአንዱ ቤት ለጥሬ ዶሮ፣ በሌላው ለበሰለ ሥጋ ነውና ከቀድሞ ቤትዎ የለመዱትን ይዘው አይዘዙ።

ከሁሉ የሚከብደው ታሞ የሚመጣ ሠራተኛ ነው። ኖሮቫይረስ በጥቂት ቅንጣት ይተላለፋል፤ የአልኮል ጄል አይበቃውም፣ በሳሙና መታጠብ ይፈልጋል፤ ያስታወከ ወይም ያስቀመጠው ሰው ምልክቱ ከቆመ በኋላም ቢያንስ ለ48 ሰዓት ምግብ መንካት የለበትም። ነገር ግን በሥራ ሕጉ መሠረት አንድ ሠራተኛ በሙከራ ጊዜው ውስጥ ደሞዝ ያለው የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት የለውም፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት በሙሉ ደሞዝ ናቸው። ቤተሰብ የሚጦር ልጅ ሦስት ቀን ያለ ደሞዝ ከመቅረት ሆዱን ይዞ መሥራትን ይመርጣል፤ ይህ የልቡ ክፋት አይደለም። እኔ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር ተነጋግሬ፣ በአዲስነት ዘመኑ የታመመ ሠራተኛ ምግብ ወደማይነካበት ሥራ፣ ወደ ስቶር ቆጠራ ወይም ወደ ዩኒፎርም ክፍል፣ ለጥቂት ቀናት እንዲዛወር አደረግሁ፤ እያስታወከ ያለው ግን ማረፊያው ውስጥ ይቆያል፤ በአንድ ክፍል አብረውት የሚያድሩት ልጆችም ምልክት ታይቶባቸው እንደሆነ ይጠየቃሉ። ይህን ለማሳካት ሦስት ስብሰባ አስፈልጎኛል፤ ሆቴሉ ሲስማማ ግን «ዛሬ ሆዴ አልተመቸኝም» የሚል ቃል ከጠዋት ጀምሮ መስማት ጀመርሁ።

ሥልጠና ስትሰጡ አንድ ሰዓት ሙሉ ስላይድ አታሳዩ። በዱባይ ወጥ ቤት ውስጥ ሂንዲ፣ ታጋሎግ፣ ኔፓሊ፣ ሲንሃላና አማርኛ ተናጋሪ በአንድ መስመር ይቆማሉ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ የሚችሉት ግማሾቹ ናቸው። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የሚያበራውን ሎሽን እጃቸው ላይ ቀብተው አስታጥቡአቸው፤ ከዚያ መብራቱን ሲያበሩ በጣቶች መካከልና በቀለበት ሥር የቀረውን ራሳቸው ያያሉ። ስቱዋርዶቹን (ዕቃ አጣቢዎቹንና ጽዳት ሠራተኞቹን) አትርሱ፤ የወጥ ቤቱ ዝቅተኛ ሠራተኞች ተብለው ቢቆጠሩም የዕቃ ማጠቢያው ማሽን የመጨረሻ ማለቅለቂያ 82 ዲግሪ መድረሱን ወይም አለመድረሱን የሚያዩት እነርሱ ናቸው። የሠራተኛውን ካፍቴሪያም በእንግዳው ሬስቶራንት ልክ ይመርምሩ፤ ወጥ ቤቱ በሙሉ አንድ ቀን ቢታመም ሆቴሉ ይዘጋል።

የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ሳያሳውቅ ይመጣል። አብረውት ይሂዱ፤ ጉድለት ሲያገኝ ከመከራከር ይልቅ እርሱ እያየ የእርምት ሥራውን ያስጀምሩ። 9 ዲግሪ የተጻፈበትንና አጠገቡ ምን እንደተደረገ የተሞላበትን ገጽ ያሳዩት፤ ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ ሁሉም 3 የሆነ መዝገብ ሲያይ ይበልጥ ይጠራጠራል። እኔ እንዲያውም ጉድለቴን ከሸፈነልኝ መዝገብ ይልቅ ያጋለጠኝ ትክክለኛ ቁጥር ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል።

ሌሊት ስልክ ተደውሎ «12ኛ ፎቅ ላይ እንግዳ ታሟል፣ ምግባችሁ ነው ይላል» ቢባሉ፣ ይቅርታ መጠየቅና ሐኪም መጥራት የቅድሚያ ሥራ ነው፤ ጥፋት ማመን ወይም መካድ ግን የእርስዎ ፈንታ አይደለም። ከዚያ ቁጭ ብለው ይጠይቁ፦ ሕመሙ በስንት ሰዓት ጀመረ? ማስታወክ ነው ወይስ ማስቀመጥ? ትኩሳት አለ? በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት፣ ከሆቴሉ ውጭም ጭምር፣ ምን በላ? ሰው ሁልጊዜ የሚወቅሰው የመጨረሻውን ምግብ ነው፤ ከበላ በ1 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ማስታወክ የስታፊሎኮከስ ወይም የባሲለስ መርዝን ሲጠቁም፣ ኖሮቫይረስ ግን ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት፣ ሳልሞኔላም ከ6 ሰዓት እስከ ቀናት ይወስዳል። ከዚያ የምግቡ ናሙና ካለ ከፍሪጁ ያውጡና አሽገው ለብቻ ያስቀምጡት፣ ከዚያው ምግብ የበሉ ሌሎች ጠረጴዛዎችን ይፈልጉ፣ በዚያ ፈረቃ የነበሩትን ሠራተኞች ስም ዝርዝር ይያዙ። በመጨረሻም የዚያን ዕለት የሙቀት መዝገብ ያስመጡ፤ የእያንዳንዱ ፈረቃ ብዕርና እጅ ጽሑፍ የተለያየ መሆኑንም ከቁጥሮቹ በፊት ይመልከቱ።